የሲልቨር ስፕሪንግ ጥቅል በባንኮክ

ታክሲ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝና በሰው አላምንም። ይህን የምለው በኩራት ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተሳፋሪ ጉሮሮውን ሲጠርግ ምን ሊዋሽ እንደሆነ አውቃለሁ። «አንዴ ቤት ገብቼ ልመለስ» ያለ ሰው በፊት በር ገብቶ በጓሮ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ባለሁበት የፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ፣ የምኖርበት አፓርትመንት ሊፍት ፎቄ ላይ ሲያደርሰኝ እንኳ ኮሪደሩን ገልመጥ ገልመጥ አድርጌ ካላጣራሁ እግሬን ከውስጥ አላነሳም። ሐኪም «አፍህን ክፈት» ቢለኝ «ለምን?» እላለሁ።

እንዲህ ያለው ሰው ቦርሳ በጀርባው አዝሎ ብቻውን ባንኮክ ሄደ ቢሏችሁ አትመኑ። እኔም እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አላመንኩም።

ጥፋቱ የተሳፋሪዎቼ ነው። ስልክ ያለው ሁሉ በገዛ መኪናው ሰው መጫን የጀመረበት ዘመን ነበር፤ እኛ ባለ ታክሲዎች ኤርፖርት ወረፋ ይዘን ጢም እናበቅላለን። ጎረምሳ ሆኖ ሰልፍ የገባ አንድ ባልደረባዬ ተራው ሲደርስ የልጅ ልጅ አይቷል። አንዳንዴ ዕድል ሲቀና ታዲያ ወደ ኤርፖርት የሚሄዱ ወጣቶች እጭናለሁ፤ ቦርሳቸው ከራሳቸው የሚበልጥ፣ በበረዶ ነጠላ ጫማ ያደረጉ። «ወዴት ነው?» ስላቸው «ባንኮክ» ይሉኛል፣ ወተት ሊገዙ ጥግ ሱቅ ድረስ ብቅ እንደሚሉ ሁሉ። ሻንጣ የላቸው፣ ተቀባይ ዘመድ የላቸው፣ አልቅሶ የሚሸኛቸው የላቸው። እኛ ስንጓዝ ሻንጣችን ሚዛኑ ሥር ተዘርግፎ፣ ከሠራተኛዋ ጋር ተከራክረን፣ የተረፈውን ሹራብ ሁሉ በላያችን ላይ ደርበን፣ ነሐሴ ላይ ድብ መስለን ነው አውሮፕላን የምንሳፈረው። ቀናሁ። የሃምሳ ዓመት ደጃፍ ላይ ቆሜ በጀርባ ቦርሳ ቀናሁ።

ላጤ ስለሆንኩ የሚከለክለኝ አልነበረም። የሚጠረጥረኝ ግን ሞልቶ ተርፎ ነበር።

«ባንኮክ ማን አለህ?» አለኝ ስካይላይን ሰፈር የሚኖረው ጓደኛዬ። እሱም ባለ ታክሲ ነው፤ በጥርጣሬ ትምህርት ከእኔ አንድ ክፍል ይቀድማል።

«ማንም የለኝም።»

«ማንም ከሌለህ ምን ልትሠራ ነው?»

«ላይ።»

«ምኑን?»

«ከተማውን ነዋ።»

«ካልፈለግክ አትንገረኝ» አለ። «ግን በሽታ ከሆነ እዚህም ሐኪም ሞልቷል።»

ሳምንት ሳይሞላ ከወንዙ ማዶ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ያለው የአበሻ ምግብ ቤት ስገባ ሰው ሁሉ አንገቱን እያዘነበለ ያየኝ ጀመር። አንዱ ኩላሊቴን ልሸጥ እንደምሄድ፣ ሌላው ጸጉር ላስተክል እንደሆነ ሰምቷል። ከዚያው አጠገብ ባለው ታኮማ ፓርክ ሰፈር በኩል የመጣው ወሬ ደግሞ እዚያ ሚስትና ልጆች እንዳሉኝ፣ ትልቁም ኮሌጅ እንደገባ ያውቃል። አስተናጋጇ ሳህኑን እያስቀመጠች «ልጆቹ ሰላም ናቸው?» አለችኝ። «ይመስገን፣ ደህና ናቸው» አልኳት። ምን ላድርግ?

እማማ የደወሉልኝ ያን ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። ስልኬን ማን እንደሰጣቸውም እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም።

«ባንኮክ ልትሄድ ነው አሉኝ፣ ልጄ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ሰው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። እዚያ ላለች ልጄ የምትሆን ትንሽ ዕቃ አለችኝ።»

በእኛ ሕግ ቲኬት የቆረጠ ሰው ሻንጣ የራሱ አይደለም፤ የሕዝብ ነው። እምቢ ማለት ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እምቢ ብሎ በሰላም የኖረ ሰው ግን አላጋጠመኝም። «ቦርሳዬ እኮ ትንሽ ናት፣ በጀርባ የምትታዘል» አልኳቸው። «የእኔም ዕቃ ትንሽ ናት» አሉኝ።

እሁድ ከሰዓት ድልድዩን ተሻግሬ ሄድኩ። አፓርትመንታቸው ከሜትሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። በሩን ሳንኳኳ የማያ ቀዳዳው ጨለመ፤ ዓይን መጣ ማለት ነው። ዓይኑ አልሄደም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማማ፣ ባንኮክ የምሄደው።»

«ማን ልኮህ ነው?»

«እርስዎ ጠርተውኝ!»

«ድምፅህ በስልክ ቀጠን ይል ነበር።»

ድምፄን አቀጠንኩ። ሰንሰለቱ ተንኳኳ፣ ቁልፉ ዞረ፣ ሌላ ቁልፍ ዞረ፣ ከሥር የሆነ ብረት ተሳበ። የአገር ግምጃ ቤት እንኳ እንዲህ አይቆለፍም። ሲከፈት ክርኔ ላይ የማይደርሱ ትንሽዬ ሴትዮ ቆመዋል፤ አስቀመጡኝና ጉልበታቸውን እያሹ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ፊቴን አይደለም የሚያዩት፤ ዓይኖቼን ብቻ፣ አንዱን ከዚያ ሌላውን።

«የማን ልጅ ነህ?»

ነገርኳቸው።

«አባትህ አገራቸው የት ነው?»

ነገርኳቸው።

«የአባትህን አባት ሰው ይወዳቸው ነበር?»

ይህን ጥያቄ ኢሚግሬሽንም ጠይቆኝ አያውቅም። «እንጃ፣ ቀብራቸው ላይ ብዙ ሰው ነበር» አልኩ። መልሱ ደስ አላሰኛቸውም፣ አላስከፋቸውምም። ተነስተው ጓዳ ገቡና ጥቅሏን ይዘው መጡ።

የጨቅላ ሕፃን ታህላለች። ቡናማ ቴፕ ተጠቅልሎባት፣ በቴፑ ላይ ፕላስቲክ፣ በፕላስቲኩ ላይ እንደገና ቴፕ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያን ሳምንት ቴፕ ጠፍቶ ከነበረ ምክንያቱን አውቃለሁ።

«ምንድን ናት እማማ?»

«ዱቄት ነገር ናት።»

«የምን ዱቄት?»

«ለልጄ ናት አልኩህ እኮ።»

«ኤርፖርት ቢጠይቁኝስ ምን ልበል?»

ትንሽ አሰቡ። «የሰው ናት በል።»

ከዚያ እንዳልከፍታት፣ ሰው ፊት እንዳላወጣት፣ ለማንም እንዳልናገር በማርያም አስማሉኝ። የልጅቷን ስልክ ቁጥር ሰጡኝ፤ አድራሻዋን ግን «ስትደርስ እነግርሃለሁ» አሉ። ደረጃውን ስወርድ አራቱም መቆለፊያዎች ከኋላዬ ሲዘጉ ተሰማኝ።

መሐላዬን አላፈረስኩም። የስካይላይኑን ጓደኛዬን ብቻ በታክሲው ስንሄድ በምሳሌ ጠየቅኩት። «አንድ የማውቀው ሰው» አልኩት፣ «የማያውቃቸው አሮጊት የታሸገ ዱቄት ቢሰጡት…»

«ወዴት የሚሄድ ሰው?»

«ወደ… ሩቅ።»

መሪውን ለቀቀ። «ወንድሜ፣ እዚያ ሩቅ አገር በዱቄት ቀልድ የለም። የስቅላት ገመድ ነው። ለምን እምቢ አይላቸውም ያ የምታውቀው ሰው?»

«አሮጊት ናቸው። መርቀውታል።»

ገመዱን በአንድ በኩል፣ ይሉኝታውን በሌላ በኩል አድርጌ ስመዝነው ይሉኝታው ከበደኝ። ጥቅሏን ቦርሳዬ ታች አስገብቼ፣ በላይዋ ካልሲ ደርድሬ ሄድኩ።

ባንኮክ ኤርፖርት ቦርሳዬን ጠብቄ ሳነሳ አንድ ውሻ መጣ። ፖሊሱ ገመዱን ይዞ ከኋላው ይሄዳል። ውሻው የሌላውን ሰው ሻንጣ ሁሉ ንቆ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና አፍንጫውን ቦርሳዬ ላይ ተከለ። በሕይወቴ የሠራሁት ኃጢአት ሁሉ በዓይኔ ፊት አለፈ፤ ከእነዚያ ውስጥ ዱቄት አልነበረም። ውሻው አንዴ ሳበ። ሁለተኛ ሳበ። ከዚያ አነጠሰ። እንደገና አነጠሰ፤ እንባው ፈሰሰ፤ በመዳፉ አፍንጫውን እያሸ ፖሊሱን ጎትቶ ሄደ። ውሻ የሚያስነጥስ ዱቄት ምን ዓይነት ዱቄት ነው? የሰለጠነ ውሻ እንኳ ያልተማረው አዲስ ዓይነት መሆን አለበት አልኩ።

ውጭ ስወጣ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ባንኮክ አንድ ከተማ አይደለችም፤ አንዱ በአንዱ ጫንቃ ላይ የወጣ የከተማ ክምር ናት። ቤልትዌይ የምንለውን የከተማችንን ቀለበት መንገድ አሥር ጊዜ ጠምዝዘው፣ ከሥሩ ገበያ፣ ከላዩ ባቡር አድርገው፣ ክፍተቱን ሁሉ በሞተር ሳይክል ቢደፍኑት ያን ይመስላል። የኤሌክትሪክ ሽቦው ምሰሶ ላይ እንደ ፓስታ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል።

የያዘኝ ታክሲ ነጂ ከመነሻችን ጀምሮ ይስቃል። የሚስቅ ታክሲ ነጂ ያስፈራኛል፤ እኔ ስስቅ ምን እያሰብኩ እንደሆነ አውቃለሁና። ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ መንገድ ሲያስረዝም ልይዘው ተዘጋጀሁ። የሄደበት መንገድ ካርታው ካለው ያጠረ ሆኖ ተገኘ። ይሄ ይበልጥ አስፈራኝ።

ያረፍኩበት ሆስቴል አልጋ በአልጋ ላይ የተደረደረበት ነው፤ ያሉት ሁሉ ልጆቼ ይሆኑ የነበሩ ወጣቶች ናቸው፣ ልጆች ቢኖሩኝ፤ ታኮማ ፓርኮች እንደሚሉት ከሆነ ግን አሉኝ። ከላዬ የተኛው ቀይ ጢማሙ ጎረምሳ ጥቅሏን አቅፌ መተኛቴን አይቶ ምን እንደሆነች ጠየቀኝ። «የሰው ናት» አልኩት። ጠዋት ስነሳ አልጋ ቀይሯል።

በነጋታው ወደ ልጅቷ ደወልኩ። አንድ ወንድ አነሳ። ረጅም ነገር በማላውቀው ቋንቋ ተናገረ። በእንግሊዝኛ ዕቃ ይዤ እንደመጣሁ ስነግረው ዝም አለ። ትንፋሹ ይሰማኛል። ዘጋው።

ለእማማ ደወልኩ። እዚያ መሽቷል፣ አልተኙም።

«ዕቃዋ ደህና ናት?» አሉ፣ ከሰላምታ በፊት።

«ደህና ናት። አንድ ሰውዬ ግን ስልኩን ዘጋብኝ።»

«ጎበዝ ነው፣ እንደዚያ ያድርግ ብዬዋለሁ።»

«እማማ! አድራሻውን ይንገሩኝና ላድርሳት።»

«ቆይ፣ ገና ነው።»

«መቼ ነው?»

«ሲደርስ። ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጣት። በጎኗም እንዳታስተኛት።»

ከዚያ በኋላ በቀን ስንት ጊዜ በቫይበር እንደሚደውሉ አትጠይቁኝ። «ሞቃት ቦታ አላስቀመጥካትም?» ይላሉ። «ሰው አላያትም?» ይላሉ። «አንተስ ደህና ነህ?» ብለውኝ አያውቁም። ወሬያችን ሲያልቅ ሁልጊዜ ወደ አያቴ ይመለሳሉ፤ ሰው ሲበላ ያዩ ነበር ወይ፣ የሰው ከብት ሲያደንቁ ምን ይሉ ነበር። አለቃቸው ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ ይህ ድርጅት ሠራተኛውን እስከ ሦስተኛ ትውልድ የሚያጣራ መሆኑ ገባኝ።

እንግዲህ ከተማውን ላይ አይደል የመጣሁት? ቦርሳዬን በጀርባዬ ሳይሆን በደረቴ አዝዬ ወጣሁ። ባቡር ጣቢያ ሄድኩ፤ በሩ ላይ ቦርሳ የሚፈትሽ ጥበቃ ቆሟል፤ ተመለስኩ። ትልቁ የገበያ አዳራሽ ሄድኩ፤ ጥበቃ አለ፤ ተመለስኩ። ወርቅ የተለበጠ ቤተ መቅደሳቸውን ከወንዙ ማዶ ሆኜ አየሁት፤ ያምራል ይመስለኛል። አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው መዳፎቹን ገጥሞ ጎንበስ ቢልልኝ፣ ያዘኝ ብዬ ሁለቱንም እጆቼን ወደ ላይ ሰቀልኩ። የሆቴል በር ከፋች ነበር። እሱም ግራ ገብቶት እጆቹን ሰቀለ። ሁለታችንም እጅ እንደሰጠን ትንሽ ቆመን ተለያየን።

ሲርበኝ መንገድ ዳር ድስት ካጣደች ሴትዮ ፊት ቆምኩ። ሳህን ሙሉ ሩዝና የማላውቀው ነገር ሰጠችኝ። የማላውቀው ነገር አየኝ፤ አየሁት። እኛ ዘንድ ያቀረበ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል፤ ጠላ የሚቀዳ እንኳ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም። ስለዚህ ሳህኑን መለስኩላትና ወደ አፏ አመለከትኩ። ሳቀች። ቀመሰች። ጣፈጣት መሰለኝ ደገመች፤ ጎረቤቷንም ጠርታ አቀመሰች። ሳይሞቱ ትንሽ ጠበቅኋቸውና የተረፈኝን በላሁ።

ሆስቴል ተመልሼ ጥቅሏን ወዘወዝኳት። አሸዋ ያለባት ይመስል ሽው አለች፤ ከዚያ መሃሏ ላይ አንድ ጠንካራ ነገር ጓ አለ። ልቤም ጓ አለ። በማርያም ባልምል ኖሮ በጥርሴም ቢሆን እከፍታት ነበር። መሐላው አትክፈት ይላል፤ አትጣል ግን አላለም። ጠበቃ እንደሚያደርገው ነገሩን ገለባበጥኩና መላ መጣልኝ።

ታክሲ ውስጥ ዕቃ መርሳት! ከእኔ በላይ ይህን ማን ያውቃል? ስንት ጃንጥላ፣ ስንት መነጽር፣ አንዴም አንድ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከኋላ ወንበሬ ለቅሜያለሁ። የተረሳ ዕቃ ባለቤት አያገኝም፤ ፈልገን ብንደውል እንኳ አያነሱልንም። ጠዋት ታክሲ ያዝኩ፤ ወዴት እንደምሄድ ስላላወቅኩ ወንዙ ድረስ አልኩት። ጥቅሏን ከፊቱ ወንበር ሥር፣ ዓይን በማይደርስበት ቦታ ገፋ አድርጌ፣ ወርጄ፣ ሳልሮጥ ሮጥኩ። ከዚያ ባቡር ተሳፈርኩ! ጥበቃው ቦርሳዬን ሲከፍት ካልሲ ብቻ አገኘ። ፈገግ አልኩለት። ያን ቀን ባንኮክን አየኋት፤ ከመምጣቴ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዬ ቀጥ አለ። የእማማ ስልክ ሲጮህ አላነሳሁም።

ከሰዓት በኋላ ሆስቴል ስመለስ ጠዋት ወንዙ ድረስ የወሰደኝ ታክሲ ነጂ በር ላይ ተቀምጧል። ጥቅሏን በሁለት እጁ፣ ጭንቅላቷን እንደሚደግፍላት ሁሉ አቅፏታል። ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል። ያደርኩበትን በምን እንዳወቀ ጠየቅሁ፤ መቀበያው ጋ ያለችው ልጅ አስተረጎመችልኝ። ከተሳፈርኩበት ሰፈር ጀምሮ ሆስቴል ለሆስቴል እየዞረ «ቦርሳ በደረቱ የሚያዝል፣ የሚፈራ ሰው» እያለ ሲጠይቅ ውሏል።

ገንዘብ አወጣሁ፤ እምቢ አለ። እንደገና ዘረጋሁ፤ እጁን አወዛወዘ። ገንዘብ እምቢ ያለ ታክሲ ነጂ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አብረው ናቸው አልኩ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ባንኮክ አንድ ሰንሰለት ነው። ግን ደግሞ የዚያን ከተማ ትራፊክ አይቻለሁ። ለተረሳ ዕቃ ብሎ የሥራ ቀኑን ሙሉ መኪናውን ማቆም ለባለ ታክሲ ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ ማንም አይነግረኝም። መዳፎቹን ገጥሞ ጎንበስ አለልኝ። በዚህኛው ጊዜ እጄን አልሰቀልኩም፤ እንደ እሱ ጎንበስ አልኩ።

በነጋታው ጠዋት ስልኩ ጮኸ። አነሳሁ።

«ገባች!» አሉ እማማ። ድምፃቸው ልቅሶና ሳቅ ተቀላቅሎበታል። «ቤቷ ገባች!»

«ማን ናት የገባችው?»

«ልጄ ናታ! ከሆስፒታል! አንተ ያረፍክ ዕለት ነው የወለደችው።»

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። «ምን ወለደች?»

«ጤና ወለደች።»

«እሺ… ዱቄቱስ እማማ?»

«የገንፎ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ገብሱን ራሴ ቆልቼ፣ ራሴ አስፈጭቼ። በርበሬዋን ከጎኗ አድርጌያለሁ።»

ያ ምስኪን ውሻ ትዝ አለኝ። «መሃሏ ላይ ያለው ጠንካራ ነገርስ?»

ድምፃቸው ተቀየረ። «ነካክተሃታል እንዴ?»

«ራሱ ነው የተንኳኳው!»

«ንጥር ቅቤ ነው፣ በጠርሙስ። ዱቄቱ መሃል የቀበርኩት እንዳይሰበር ነው።»

«ታዲያ ምናለበት ገና ያኔ ቢነግሩኝ?»

«ለማላውቀው ሰው ልጄ መውለጃዋ ደርሷል ብዬ ላውራ? ዓይን አለ አይደል እንዴ! ደግሞ ስላንተ ያላጠያየቅኩት ሰው የለም። ኩላሊቱን ሊሸጥ ነው አሉኝ። ለገዛ ኩላሊቱ ያልራራ ለሰው ልጅ ይራራል?»

እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ለልጅቷ እስካሁን የሚሰጧት ቀጭን ሾርባ ብቻ እንደሆነ፣ ባሏ የዚያው አገር ሰው ስለሆነ ገንፎ የሚባል ነገር እንደማያውቅ፣ እሳቸው ጉልበታቸው ታሞ ያን ያህል መብረር እንዳልቻሉ ነገሩኝ። «አራስ ናት እኮ፤ እኔ እናቷ እያለሁ በሰው አገር በሾርባ ትነሳ? ዛሬ ሳትቀምስ እንዳትውልብኝ፣ ልጄ» አሉ። ልጄ ያሉበት ድምፅ ከዚያ በፊት ከሰማሁት ሁሉ የተለየ ነበር። አድራሻውን ነገሩኝ።

ትናንት ወንበር ሥር የገፋኋትን ጥቅል ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ ጉድጓድ ባለፍን ቁጥር ከወንበሬ ብድግ እያልኩ ሄድኩ።

ቤታቸው ረጅም ፎቅ ነው። ባልየው በሩን በሰንሰለት ልክ ከፈተ። የቀጭን ሰው አንድ ዓይን አየኝ፤ ስልክ ላይ የሰማሁት ትንፋሽ ነው። ከውስጥ የሴት ድምፅ መጣ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ አማርኛ።

«ጋሼ፣ ሶሪ፣ ግን አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ?»

«ጥቅሏን ይዣለሁ!»

«ኤኒባዲ ጥቅል ሊይዝ ይችላል። እማዬ ቤት ስትሄድ በር ላይ ምን አለችህ?»

«ማን ልኮህ ነው አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ድምፅህ በስልክ ቀጠን ይል ነበር አሉኝ።»

ሳቋ ተሰማኝ። «ኦኬ፣ ዛት ኢዝ ማይ ማም» አለችና ባሏን ክፈትለት አለችው።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኩ ስገባ። «አሜን» ካለች በኋላ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ሳልራመድ እማማ ከባልየው እጅ ላይ፣ ከስልኩ ውስጥ ጮኹ። «ከፀሐይ ነው የመጣኸው! አረፍ ሳትል እንዳትጠጋ!» በር አጠገብ በርጩማ ላይ አረፍኩ። ልጅቷ ከሶፋው ላይ ሆና ታየኛለች፤ ፊቷ ገርጥቷል፣ ከትራሷ ጎን የወጥ ቤት ቢላ ተቀምጧል። ቢላው ለመንፈስ ይሁን ለእኔ አልጠየቅኩም።

ገንፎ ማገንፋት የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ልጅቷ በልታ እንጂ ሠርታ አታውቅም፤ ባልየው አይቶም አያውቅ። እኔ ወንደላጤ ነኝ፤ እንቁላል ስጠብስ ጎረቤት የእሳት አደጋ የሚጠራብኝ። ግን ምድጃው ፊት የተገኘሁት እኔ ነኝ። ማማሰያ ስላልነበረ ባልየው የሙቀጫውን የእንጨት ዘነዘና አቀበለኝና በሌላ እጁ ስልኩን ከድስቱ በላይ ያዘ። እማማ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቁልቁል ያዩኛል።

«ዱቄቱን በትን በትን አድርገው! አትድፋው!»

«እየበተንኩ ነው እማማ።»

«አማስል! ምነው እጅህ ሰነፈ? መሪ ብቻ ነው የምትችለው?»

«ቆይ፣ ጓጎለ መሰለኝ…»

«ጓጎለ? በለው! ዳር ዳሩን በለው!»

በዘነዘናው ደበደብኩት። ክንዴ ዛለ፣ ላቤ ከውሻው እንባ ባሰ። ጥቅጥቅ ብሎ ዘነዘናውን አልለቅም ሲል ደርሷል አሉ። ሳህን ላይ ገልብጬ መሃሉን ጎድጎድ አድርጌ፣ የቀለጠውን ቅቤ በበርበሬ አፈሰስኩበት። የቅቤው ሽታ ክፍሉን ሲሞላ ልጅቷ ቀና ብላ ተቀመጠች።

ሳህኑን ላቀብላት እጄን ዘረጋሁ።

«ቆይ!» አሉ እማማ። «ቀምሰህ ስጣት።»

«እኔ?»

«ያቀረበው ማን ነው?»

ማንኪያውን አነሳሁ። ሳወዛውዛት፣ አቅፌያት ሳድር፣ ወንበር ሥር ስጥላት የሰነበትኩት ዱቄት ገንፎ ሆኖ እየተነነ ያየኛል። ባልየው ያየኛል። ልጅቷ ታየኛለች። እማማ ከስክሪኑ ሊወጡ እስኪደርሱ ተጠግተው ያዩኛል። ጎረስኩ። ምላሴ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዬ ተቃጠለ፣ በርበሬው ጆሮዬ ድረስ ዘለቀ። እኔ ባለ ሩዟን ሴትዮ የጠበቅኋትን ያህል ነው የጠበቁኝ።

አልሞትኩም። ሳህኑን ሰጠኋት።

ከዳር ቆርሳ ቅቤው ውስጥ ነከረችና በላች። ደገመች። ስልኩን የያዘው ባሏ ወደ እሷ አዞረው፤ እማማም ያያሉ። አራሷ ግማሹን ጨረሰች። ከዚያ ቅቤውን ከከንፈሯ በአውራ ጣቷ እየጠረገች፣ እንግሊዝኛ ባልነካው አማርኛ፦

«እማዬ፣ ጨው በዝቶበታል።»

«እሱ ነው ያበዛው!» አሉ እማማ፤ ከዚያ ሳይታሰብ እልልታቸውን አቀለጡት። የሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤት ግድግዳ ሲደበድብ እኛ ባንኮክ ሆነን ሰማን። አላቋረጡም።

ልጅቷ ሳህኑን ስትጠርግ የልብ ልብ ተሰማኝና «እንግዲህ ልጅዋን ልያት፣ ወይም ልየው» አልኩ፣ በብልሃት።

ባልና ሚስት ስልኩን አዩ። ስልኩ እኔን አየኝ።

«ዛሬ ይቅርብህ» አሉ እማማ በለሰለሰ ድምፅ። «ክፉ ሰው ነህ አላልኩም።»

አልከፋኝም። እኔ ብሆንም አላሳየኝም። ቀለል ያለች ቦርሳዬን አንስቼ፣ በዚህኛው ጊዜ በጀርባዬ አዝዬ ወደ በሩ ስሄድ፣ ከሶፋው ማዶ ያለች ትንሽ አልጋ ላይ ከጨርቅ ውስጥ አንዲት እግር ብቅ ብላ አየሁ። ተረከዟ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አትበልጥም።

«እግሩን ሸፍኚው!» አሉ እማማ ከሲልቨር ስፕሪንግ። ወንድ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩና «እንትፍ፣ እንትፍ» አልኩ። በራሴ ዓይን እኔም አላምንም።